የልብ ድካም ታማሚው በማን ቋንቋ ይጠየቅ?

የልብ ድካም ያለበት ሰው ሐኪም ፊት ሲቀርብ የሚጠየቀው ይታወቃል። ስንት ትራስ ደርበው ይተኛሉ? ሌሊት ትንፋሽ እያጠረዎት ይነሣሉ? እግርዎ ያብጣል? ምን ያህል ሄደው ይደክምዎታል? ጥያቄዎቹ ልክ ናቸው፤ ሳንባ ውስጥ ስለተጠራቀመው ውኃና ስለ ልብ ጡንቻ አቅም ይናገራሉ። ከእነሱ ቀጥሎ መምጣት የነበረበት ጥያቄ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይመጣም። ባለፉት ሁለት ሳምንታት ተስፋ ቆርጠው ያውቃሉ? ድሮ ደስ ያሰኝዎት የነበረው ነገር አሁንም ደስ ያሰኝዎታል?

አርባ ምንጭ ላይ ይህ ጥያቄ ቢነሣ እንኳ ሁለተኛ ፈተና ይጠብቀዋል። በአባያና በጫሞ ሐይቆች ራስጌ የተቀመጠችው ከተማ የጋሞ ዞን መዲና ናት፤ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህም ከደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ማዕከላት አንዷ ሆናለች። ለሕክምና ወደዚህች ከተማ የሚመጣው ሰው ከጨንቻ፣ ከዲታ፣ ከቦንኬና ከካምባ ደጋ ይወርዳል፤ ከዘይሴ ቆላ፣ ከደራሼ፣ ከኮንሶ፣ ከኮሬና ከቡርጂ ይመጣል። አባያ ሐይቅ ላይ ባለችው ጊዲቾ ደሴትና በዳርቻው ደግሞ ባይሶና ሐሮ የሚባሉ ሁለት ሕዝቦች ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ የአንዱ ቋንቋ ኩሻዊ፣ የሌላው ኦሞአዊ ነው። እነዚህ ሁሉ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ተራ ይጠብቃሉ። የሚመረመሩትም፣ የሚጻፍላቸውም፣ የሚመከሩትም በአብዛኛው በአማርኛ ነው።

የልብ ድካም በእኛ አገር የሽማግሌ በሽታ ብቻ አይደለም። ኢትዮጵያን ጨምሮ በ9 የአፍሪካ አገሮች 1,006 ታማሚዎችን የተከታተለና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት የታማሚዎቹ አማካይ ዕድሜ 52 ዓመት መሆኑን አሳይቷል። በአውሮፓና በአሜሪካ በሽታው በአብዛኛው ሰባውን የተሻገሩ ሰዎችን ነው የሚይዘው። በዚያው ጥናት ከመቶው ታማሚ 18 ያህሉ በ6 ወር ውስጥ ሞተዋል። ቀዳሚው መነሻ የደም ግፊት ነበር። በኢትዮጵያ ግን የልጅነት የጉሮሮ ሕመም ሳይታከም ቀርቶ የልብ በሮችን የሚያበላሸው የሩማቲክ የልብ ሕመም ብዙ ወጣቶችን ያጠቃል። በ6 የአገራችን አካባቢዎች 3,238 ተማሪዎችን በአልትራሳውንድ የመረመረና እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ጥናት ከሺህ ተማሪ በ19ኙ ላይ ይህን ሕመም አግኝቷል። ስለዚህ ስለ ታማሚው ስሜት ሲነሣ የሚታሰበው ጡረታ የወጣ ሰው ብቻ መሆን የለበትም። ማግባት የምትፈልግ፣ እርግዝና ለሕይወቷ አስጊ እንደሆነ የተነገራት የ20 ዓመት ወጣትም አለች።

ድባቴ በልብ ድካም ላይ ሲደረብ ጉዳቱ ከስሜት ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ2006 የበርካታ ጥናቶችን ውጤት ያጠቃለለ ሥራ ከ5 የልብ ድካም ታማሚዎች ከአንድ በላይ የሚሆነው ለሕክምና የሚያበቃ ድባቴ እንዳለበት አስልቷል። በሽታው ቀላል በሆነባቸው ሰዎች ዘንድ መጠኑ 11 ከመቶ ሲሆን፣ ተቀምጠው እንኳ ትንፋሽ በሚያጥራቸው ዘንድ 42 ከመቶ ይደርሳል። ድባቴ ያለባቸው ታማሚዎች የመሞት አደጋቸው ከሌሎቹ በእጥፍ ያህል ከፍ ብሎ ተገኝቷል። አንዱ መንገድ ግልጽ ነው። ተስፋ የቆረጠ ሰው ውኃ የሚያስወጣውን ክኒን በሰዓቱ አይውጥም፣ ጨው አይቀንስም፣ ቀጠሮውን ይተዋል፣ እግሩ ሲያብጥ ለማንም አይናገርም። ነርሷ ካርዱ ላይ «ከቀጠሮ የቀረ» ብላ ትጽፋለች። ለምን እንደቀረ የሚገልጽ ቦታ ካርዱ የለውም።

በሕዝቦች መካከል ስላለው ልዩነት በውጭ አገር የተጻፈው ብዙ ነው፤ ሲነበብ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። በአሜሪካ 155 የልብ ድካም ታማሚዎችን የጠየቀና እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት ከታማሚዎቹ 48 ከመቶው የድባቴ ምልክት እንዳላቸው አገኘ። ከሴቶቹ 64 ከመቶው፣ ከወንዶቹ 44 ከመቶው ነበሩ። ወንዶቹ ለብቻ ሲታዩ ከነጮቹ 54 ከመቶው፣ ከጥቁሮቹ 34 ከመቶው ድባቴ ያለባቸው ሆነው ተመዘገቡ። ጥቁሮቹ ወንዶች እውነት የተሻለ ስሜት ነበራቸው? ወይስ ኀዘናቸውን የገለጹበት መንገድ ከመጠይቁ ጋር አልገጠመም? ወይስ ለማያውቁት ጠያቂ መናገር አልፈለጉም? ቁጥሩ ብቻውን ይህን አይመልስም።

እዚያው አሜሪካ ከዚያ የበለጠ የተሳሳተ ትርጓሜ የተሰጠው ሌላ ጉዳይም አለ። እ.ኤ.አ. በ2005 የአገሪቱ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ሁለት ነባር መድኃኒቶችን ያጣመረ ክኒን «ራሳቸውን ጥቁር ብለው ለሚጠሩ» የልብ ድካም ታማሚዎች ብቻ ብሎ ፈቀደ። መነሻው 1,050 ጥቁር ታማሚዎች የተሳተፉበትና ሞትን በ43 ከመቶ የቀነሰ ሙከራ ነው። መድኃኒቱ ሠርቷል፤ ይህ ትልቅ ዜና ነው። ነገር ግን ሙከራው ውስጥ አንድም ነጭ አልነበረም። ታዲያ ለነጮች ከዚያ ያነሰ እንደሚጠቅም በምን ይታወቃል? ሰዎች ራሳቸውን የሚጠሩበት ስም እንደ ደም ውጤት ተቆጠረ። አርባ ምንጭ ላይ ነገ «ኮንሶዎች ከጋሞዎች ይልቅ ድባቴ ያጠቃቸዋል» ወይም ተቃራኒው ቢጻፍ በዚሁ ወጥመድ መውደቅ ቀላል ነው።

ወጥመዱ ከመጠይቁ ይጀምራል። ድባቴን ለመለየት በዓለም ዙሪያ በሰፊው የሚሠራባቸው 9 ጥያቄዎች አሉ። የአማርኛ ቅጂያቸው አዲስ አበባ ውስጥ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ተፈትሾ እ.ኤ.አ. በ2013 ውጤቱ ታትሟል፤ በቡታጅራ አካባቢም የገጠር ጤና ጣቢያዎችን ታሳቢ ያደረገ ፍተሻ ተካሂዶበታል። ይህ የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች የሚመሰገኑበት ሥራ ነው። ሆኖም አንዲት ከቦንኬ ደጋ የወረዱ፣ ከጋሞኛ በቀር የማይናገሩ እናት እናስብ። አስታማሚያቸው የ15 ዓመት ልጃቸው ነው። ሐኪሙ በአማርኛ ይጠይቃል፣ ልጁ ይተረጉማል። እንቅልፍ፣ ምግብ፣ ድካም በደህና ይታለፋሉ። ከዚያ ዘጠነኛው ጥያቄ ይመጣል፤ መሞትን ተመኝተው ያውቃሉ? ይህን ጥያቄ ልጅ እናቱን እንዴት ይጠይቃል? ቢጠይቅስ፣ እናት ለልጇ «አዎ» ትላለች? ምላሹ «የለም» ተብሎ ይመዘገባል። በዓመቱ መጨረሻ ቁጥሮቹ ሲደመሩ አማርኛ የማይናገሩት ታማሚዎች ሐሳብ የሌለባቸው ሆነው ይወጣሉ። ይህ የአንድ ሕዝብ ጠባይ ተብሎ ቢጻፍ ትልቅ በደል ነው፤ የተለካው የአስተርጓሚው ሐፍረት ነበርና።

በተቃራኒው የሚያሳስትም አለ። ከ9ኙ ጥያቄዎች መካከል ድካም፣ የእንቅልፍ መታወክና የምግብ ፍላጎት መቀነስ ይገኙበታል። ሦስቱም የልብ ድካም የራሱ ምልክቶች ናቸው። ከላይ የተጠቀሰው የ2006 ማጠቃለያ በመጠይቅ ብቻ ሲለካ ከታማሚዎቹ አንድ ሦስተኛው፣ በባለሙያ ቃለ መጠይቅ ሲለካ ግን አንድ አምስተኛው ገደማ ድባቴ እንዳለባቸው ማሳየቱ አንድም ከዚህ የመጣ ነው። ሕመሙ ጠንቶበት፣ መንገድ ርቆበት ዘግይቶ ሆስፒታል የደረሰ ሰው በመጠይቅ ሲለካ በድባቴም ከፍ ብሎ ይታያል። ዘግይቶ የሚደርሰው ደግሞ መኪና የማይገባበት ቀበሌ የሚኖረው ነው። ቀበሌና ብሔረሰብ በአገራችን አብረው ስለሚሄዱ፣ የመንገድ እጦት የብሔረሰብ ልዩነት መስሎ ይቀርባል።

እውነተኛ ልዩነት የለም ማለት ግን አይደለም። በሽታው ከእያንዳንዱ ሰው የሚወስደው ነገር ይለያያል፤ እዚህ ላይ ባህል በእርግጥ ሥራ ይሠራል።

ደራሼና ኮንሶን እንመልከት። የልብ ድካም ታማሚ በሽታው ሲጠናበት የሚጠጣውን ፈሳሽ እንዲመጥን ይመከራል። አዲስ አበባ ላይ ይህ ምክር ሻይና ውኃ መቀነስ ማለት ነው። ለደራሼ አርሶ አደር ግን ከማሽላና ከበቆሎ የሚዘጋጀው ፓርሾታ መጠጥ ብቻ አይደለም፤ ዋና ምግቡ ነው። ኮንሶም ጨቃ ከሚባለው የአካባቢው ጠላ ጋር ያለው ቁርኝት እንዲሁ ነው፤ እርከን ሲሠራ፣ ደቦ ሲወጣ፣ እንግዳ ሲመጣ ጨቃ ይቀርባል። «ፈሳሽ ቀንስ» የተባለ የደራሼ ሰው በአንድ ቃል ምግቡንም፣ የሥራ ባልደረቦቹንም፣ ምሽቱንም ይነጠቃል። አልኮል ልብን እንደሚጎዳ ሐኪሙ ማስረዳት አለበት፤ ምክሩ ልክ ነው። ነገር ግን በምትኩ ምን እንደሚበላ፣ ከጎረቤቶቹ ጋር ምን ይዞ እንደሚቀመጥ ካልተነገረው ምክሩ ሰውየውን ወደ ብቸኝነት ይገፋዋል። የአመጋገብ ምክር በዚህ አካባቢ የድባቴ መከላከያም መሆን እንዳለበት ማንም እስካሁን በቂ ትኩረት አልሰጠውም።

የዶርዜ ሸማኔ የሚያጣው ሌላ ነው። ሸማ ጉድጓድ ውስጥ እግርን አውርዶ፣ መርገጫውን እየረገጡ፣ መወርወሪያውን እየወረወሩ የሚሠራ ነው። እግሩ ያበጠና ትንፋሹ የሚቆራረጥ ሸማኔ ከዚያ ጉድጓድ ሲወጣ ገቢውን ብቻ አይደለም የሚያጣው፤ በጨንቻም ሆነ በአዲስ አበባው ሽሮ ሜዳ የሚታወቅበትን ስም ያጣል። ደጋ ላይ ያለች የጋሞ ሴት ደግሞ እንሰት መፋቅ፣ ጥጥ መፍተል፣ ገበያ ወጥቶ መመለስ ሲያቅታት የቤቷ ሸክም የሆነች ይመስላታል። የደጋው መንገድ ዳገት ነው፤ ለቅሶ ለመድረስ ዳገት መውጣት ይጠይቃል። ለቅሶ መድረስ ያልቻለ ሰው በእድርተኛው ዓይን የጠፋ ሰው ነው፤ እሱም ይህን ያውቃል። ሐኪሙ «ምን ያህል ደረጃ ሲወጡ ይደክምዎታል?» ከሚል «ለቅሶ መድረስ ካቆሙ ስንት ጊዜ ሆነዎት?» ቢል የልብንም የስሜትንም ልክ ባንድ ጥያቄ ያገኝ ነበር።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ዝም የሚባልበት አንድ ልዩነት ግን በብሔረሰቦች መካከል ሳይሆን በራሱ በጋሞ ውስጥ ያለው ነው። የጋሞ ማኅበረሰብ ከጥንት ጀምሮ በወገን ተከፍሎ የኖረ ነው። ማላ የሚባሉት መሬት ያላቸውና ዱቡሻ በሚባለው የሕዝብ ሸንጎ የሚናገሩት ናቸው፤ ማና የሚባሉት ሸክላ ሠሪዎችና ደጋላ የሚባሉት ቆዳ ፋቂዎች ግን ከመሬት፣ ከጋብቻና ከማዕድ ሲገለሉ ኖረዋል። ሃይማኖትና ትምህርት ይህን ግንብ ቢሸረሽሩትም ገና አልፈረሰም። ዴና ፍሪማንና አሉላ ፓንክኸርስት እ.ኤ.አ. በ2001 ባሰናዱት መጽሐፍ በደቡብ ኢትዮጵያ የእጅ ባለሙያዎች እንዴት እንደተገፉ በስፋት ተዘርዝሯል። አንዲት ሸክላ ሠሪና አንድ ባለ ርስት ሆስፒታል ካርድ ላይ ሁለቱም «ጋሞ» ናቸው። አንደኛዋ ስትታመም አይዞሽ ባይዋ ስንት ነው? ሌላው ሲታመም ስንት ሰው ይጠይቀዋል? ብሔረሰብን ብቻ የቆጠረ ጥናት ይህን አያይም፤ ድባቴ ግን በትክክል የሚያድገው እዚህ ነው።

ሕመምን የመረዳት መንገድም እንዲሁ ሁለት ፊት አለው። በጋሞ ባህል ጎሜ የሚባል እምነት አለ። ሰው የተከለከለውን ሲያደርግ፣ የሰው ሐቅ ሲበላ፣ አባቱን ሲያሳዝን ጎሜ ይመጣል፤ በሽታም፣ የከብት ሞትም፣ የዝናብ መጥፋትም የእሱ ምልክት ሊሆን ይችላል። ፈውሱ ጥፋትን መናገርና መታረቅ ነው። የልብ በሯ የተበላሸባት ወጣት ይህን ስትሰማ «ምን አጥፍቼ ይሆን?» ብላ ራሷን ልትከስ ትችላለች፤ ይህ በድባቴ ላይ ድባቴ ይጨምራል። በሌላ በኩል ግን ያው ልማድ ታማሚውን ብቻውን አይተወውም፤ ዘመድ ይሰበሰባል፣ የተቀያየመ ይታረቃል፣ ሽማግሌ ይቀመጣል። የጋሞ ሽማግሌዎች ምን እንደሚችሉ አገር አይቷል። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ የጋሞ ተወላጆች ከተገደሉ በኋላ አርባ ምንጭ ላይ ወጣቶች ለበቀል ሲነሡ፣ ሽማግሌዎቹ እርጥብ ሣር ይዘው መንገድ ላይ ተንበርክከው መልሰዋቸዋል። የተቆጣ ሰልፍ ያበረደ አንደበት ተስፋ የቆረጠ ታማሚን ለማጽናናት አያንስም። ጤና ተቋማቱ ግን ሽማግሌዎቹን የሚጠሩት ለክትባት ዘመቻ ነው እንጂ ለዚህ አይደለም።

መድኃኒት ብቻውን ይህን እንደማይፈታ ከውጭው ልምድ መማር ይቻላል። ድባቴ ያለባቸው የልብ ድካም ታማሚዎች የፀረ ድባቴ ክኒን የወሰዱባቸው ሁለት ትልልቅ ሙከራዎች፣ እ.ኤ.አ. በ2010 እና በ2016 የታተሙት፣ ክኒኑ ከማስመሰያው ክኒን የተሻለ ውጤት እንዳላመጣ አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ሌላ ሙከራ ደግሞ በንግግር የሚሰጥ ሕክምና ድባቴውን እንደቀነሰ አገኘ፤ የታማሚዎቹ ራስን የመንከባከብ ልማድ ግን አልተሻሻለም። ንግግር ይረዳል ማለት ነው፤ ንግግር ደግሞ ቋንቋ ይፈልጋል። ዚምባብዌ ውስጥ ዶክተር ዲክሰን ቺባንዳ ያስጀመሩት «የወዳጅነት አግዳሚ ወንበር» ሐኪም ያልሆኑ እናቶችን አሠልጥኖ በሠፈራቸው ቋንቋ ሰው እንዲያዳምጡ አድርጓል፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ሙከራም ውጤታማነቱን አረጋግጧል። ኢትዮጵያ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በየቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች አሏት። የአካባቢያቸውን ቋንቋ ይናገራሉ፣ ቤት ለቤት ይሄዳሉ፤ የትኛዋ እናት ለቅሶ መድረስ እንዳቆመች ከሐኪሙ በፊት የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ብሔረሰብን በሆስፒታል ካርድ ላይ መመዝገብ የሚያስፈራቸው ሰዎች አሉ። በዚህ አገር የቅርብ ጊዜ ታሪክ ፍርሃታቸው ተገቢ ነው፤ ማንነት የተጻፈበት ወረቀት ሰው አስገድሏል። ይሁን እንጂ ምንም አለመመዝገብም ገለልተኝነት አይደለም። ምንም ካልተመዘገበ ማን ሳይጠየቅ እንደቀረ አይታወቅም። መፍትሔው ሁለቱንም ማስታረቅ ነው። ካርዱ ላይ «ብሔር» ሳይሆን «ታማሚው አጥርቶ የሚናገረው ቋንቋ» የሚል አንድ መስመር ይግባ፤ ከሱ ሥር «ከቤት እስከ ጤና ተቋም ስንት ሰዓት ይፈጃል» የሚል ሌላ መስመር ይጨመር። እነዚህ ሁለት መስመሮች ማንንም በደሙ አይፈርጁም፤ ለሐኪሙ ግን ከብሔር ስም የበለጠ ይነግሩታል።

ትርጉሙም ለጥድፊያ የሚሰጥ ሥራ አይደለም። በ1992 ዓ.ም. ወላይትኛን፣ ጋሞኛን፣ ጎፍኛንና ዳውሮኛን በአንድ ላይ ጨፍልቆ «ወጋጎዳ» በሚል የቀረበው የመማሪያ መጽሐፍ ወላይታ ሶዶ ላይ ምን ዓይነት ቁጣ እንደቀሰቀሰ የአካባቢው ሰው አይረሳውም፤ መጽሐፉ ተሰበሰበ፣ አራቱን ሕዝቦች ያቀፈው የሰሜን ኦሞ ዞንም ብዙ ሳይቆይ ተከፋፈለ። ቋንቋዎቹ ተቀራራቢ ስለሆኑ አንድ ቅጂ ለሁሉም ይበቃል የሚል ሐሳብ ለድባቴ መጠይቅም አይሠራም። እያንዳንዱ ቅጂ በተናጋሪዎቹ መካከል መፈተሽ አለበት፤ የሞት ጥያቄውም ልጅ በሌለበት፣ በሠለጠነ ሰው መጠየቅ አለበት።

ሥራው የሚጀመርበት ቦታ አለ። አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ በ1979 ዓ.ም. የውኃ ቴክኖሎጂ ተቋም ሆኖ ሲጀምር የሕክምና ትምህርት አልነበረውም፤ ዛሬ ሐኪምም ነርስም ያስመርቃል። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በአርባ ምንጭ ዙሪያ ወረዳ ነዋሪዎችን የሚመዘግብ የሥነ ሕዝብና ጤና ክትትል ጣቢያም ተቋቁሟል። ጋሞኛ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሚሰጥ ቋንቋ ስለሆነ የሚጽፉና የሚያርሙ መምህራን አሉ። በጋሞኛ፣ በኮንሶኛና በደራሽኛ ሦስት ቅጂዎች ተዘጋጅተው፣ በልብ ክትትል ቀን ከደም ግፊት መለኪያው ጎን ቢቀመጡና የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎች ብቻ እንኳ ለሁሉም ቢቀርቡ፣ በዓመቱ መጨረሻ ሆስፒታሉ ማን እንዳዘነ ብቻ ሳይሆን ማን ስለ ኀዘኑ ተጠይቆ እንደማያውቅም የሚያሳይ መዝገብ ይኖረዋል።